ባህርም ወንዝም ያልሆነ ውሃ፦ የፓፈርና የጎቢ አኳሪየም እንዴት ይያዛል

ወንዝ ባህር የሚገባበት ቦታ ያለው ውሃ እንደ ባህር ጨው አይበዛበትም፤ እንደ ወንዝም ጨው አልባ አይደለም። ከፊል ጨዋማ እንበለው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ማንግሮቭ በሚባሉ ጨዋማ ውሃ ውስጥ በሚበቅሉ ዛፎች ሥር የሚርመሰመሱት ፓፈርና ጎቢ የተባሉ ዓሣዎች የለመዱት ይህን ውሃ ነው። ሱቅ ውስጥ ግን ብዙ ጊዜ ጨው አልባ ውሃ ውስጥ ተደርገው ይሸጣሉ። ጣጣው የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

የመጀመሪያዋን ፓፈሬን የገዛሁት እንደዚያ ነው። አረንጓዴ ነጠብጣብ ፓፈር ነበረች፤ አውራ ጣቴን አታክልም። "ጨው አያስፈልጋትም" ተባልኩ፤ አመንኩ። ጥቂት ወራት ደህና ከረመች። ከዚያ ምግብ እምቢ አለች። ነጭ የነበረው ሆዷ ግራጫ ሆነ፤ ጥግ ይዛ መዋል አመጣች። ጨው እንደሚያስፈልጋት ሳውቅ ደነገጥኩ፤ በአንድ ማታ ብዙ ጨው ጨመርኩ። በአራተኛው ቀን ሞተች። የጎዳት የጨው እጦት ብቻ አልነበረም፤ ጥድፊያዬም ነው።

ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት ዓሣው ሲያድግ ስንት እንደሚሆንና ምን ያህል ጨው እንደሚፈልግ እወቁ። ለጀማሪ የምመክረው ስምንት ቁጥር ፓፈርን ነው። ጀርባው ላይ 8 የሚመስል ቢጫ መስመር አለው፤ ከ8 ሴንቲ ሜትር ብዙም አያልፍም። አረንጓዴ ነጠብጣቡ 15 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሲያድግም ከፍ ያለ ጨው ይፈልጋል። ሁለቱን አንድ ላይ አታኑሩ። ሞኖና ስካት የሚባሉት ዓሣዎች ሱቅ ውስጥ እንደ ሳንቲም ትንንሽ ሆነው ያምራሉ፤ ግን ከ20 ሴንቲ ሜትር በላይ ያድጋሉ፤ በመንጋም ነው የሚኖሩት። ትልቅ ገንዳ ከሌላችሁ ይቅርባችሁ።

መስታወቱን፣ ፊልተሩንና ማሞቂያውን እንደማንኛውም አኳሪየም ግጠሙ። ሙቀቱ ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ይሁን። ለአንድ ስምንት ቁጥር ፓፈር ቢያንስ 60 ሊትር ስጡት። ፓፈር ብዙ ይበላል፣ ብዙ ያቆሽሻል፤ ፊልተር ላይ አትቆጥቡ።

አሁን ወደ ጨው እንምጣ።

የወጥ ጨው አይሆንም። የአፍዴራም ይሁን የሱፐርማርኬት፣ ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ነው። በትንሽ ካርቶን "የአኳሪየም ጨው" እየተባለ የሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ ያው ነው። የሚያስፈልጋችሁ ለባህር ዓሣ አኳሪየም የሚዘጋጀው ጨው ነው። እሱ ካልሲየምና ማግኒዥየም አለው፤ ውሃው አሲድ እንዳይሆንም ይጠብቃል። በዚህ ላይ አቋራጭ የለም።

መጠኑን በማንኪያ ሳይሆን በመሣሪያ ለኩ። የሚለካው ውሃው ጨው አልባ ከሆነው ውሃ ምን ያህል እንደሚከብድ ነው። ጨው አልባው 1.000 ቢሆን ባህር 1.025 አካባቢ ነው። ለስምንት ቁጥር ፓፈርና ለጎቢ 1.005 ጥሩ ነው። ይህ በሊትር ከ7 እስከ 9 ግራም ጨው ይሆናል። ይህን የሚለካው ርካሹ የፕላስቲክ መሣሪያ፣ ሃይድሮሜትር፣ ቀስቱ ላይ የአየር አረፋ ከተጣበቀ ይሳሳታል፤ በጣት ነካ ነካ አድርጋችሁ አረፋውን አስለቅቁት። እኔ ከዚያች ሞት በኋላ ሪፍራክቶሜትር የሚባል በብርሃን የሚለካ መሣሪያ ገዛሁ። ሁለት ጠብታ ውሃ ታደርጉበታላችሁ፣ ወደ ብርሃን ታዩበታላችሁ፣ አለቀ። ብታገኙ እሱን ግዙ።

ጨውን ለምን በዝግታ? ፊልተሩ ውስጥ የዓሣውን ቆሻሻ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ። መርዛማውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጣሉ። ጨው ድንገት ሲጨምር እነሱ ይጎዳሉ፤ አሞኒያ ይከማቻል፤ ዓሣው በራሱ ቆሻሻ ይመረዛል። የኔዋን የጨረሳት ይህ ነው። ከሞተች በኋላ ውሃውን ብለካው የአሞኒያው መመርመሪያ ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ወጣ፤ አሞኒያው በጣም በዝቷል ማለት ነው።

ገና ዓሣ ካላስገባችሁ ቀላል ነው። ከመነሻው 1.002 አድርጉና ባክቴሪያው እስኪበዛ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ጠብቁ። አሞኒያና ናይትራይት ዜሮ ሲሆኑ ዓሣውን አስገቡ። ከዚያ በየሳምንቱ 0.001 እየጨመራችሁ 1.005 ድረሱ። ጨውን ገንዳው ውስጥ አትነስንሱ። ባልዲ ውስጥ በጥብጡ፣ ፓምፕ አስገብታችሁ ሲያዞረው ይደር፣ ለክታችሁ በውሃ ቅየራ ጊዜ ጨምሩት።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ትነት ነው። የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፤ ጨው እዚያው ይቀራል። የጎደለውን በጨዋማ ውሃ ከሞላችሁ ጨው በየሳምንቱ ይከማቻል። መስታወቱ ላይ የውሃው ልክ ጋ ፕላስተር ለጥፉ። በትነት የጎደለውን ጨው በሌለው ውሃ፣ እናንተ የቀዳችሁትን በጨዋማ ውሃ ተኩ።

የቧንቧ ውሃን አሳድሮ መጠቀም የለመዳችሁ ተጠንቀቁ። ክሎሪንና ክሎራሚን ጀርም ለመግደል ቧንቧ ውሃ ውስጥ የሚጨመሩ ናቸው፤ ክሎሪን ቢተንም ክሎራሚን አይተንም። እንደ ዋሽንግተን ዲሲ ባሉ ከተሞች ዓመቱን አብዛኛውን የሚጨመረው ክሎራሚን ነው። ክሎራሚንንም የሚያጠፋ መድኃኒት ተጠቀሙ።

ጎረቤት አመራረጥ ላይ ደግሞ ፓፈር ክንፍ ይነክሳል። ሞሊ የሚባሉትን ረጅም ጭራ ያላቸውን ዓሣዎች ከሱ ጋር አታድርጉ። ባምብልቢ ጎቢ 4 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቢጫና ጥቁር ዓሣ ናት። ከስምንት ቁጥር ፓፈር ጋር አንዳንዴ ትስማማለች፤ ስድስት ሆነው፣ ባዶ የቀንድ አውጣ ቤትና ቀጫጭን ቱቦ መደበቂያ ካገኙ። ፓፈሩ መንከስ ከጀመራቸው ግን ወዲያው የምትለዩበት ሌላ ገንዳ ይኑራችሁ። ጎቢዎቹ ደረቅ ምግብ ብዙ ጊዜ አይነኩም፤ በረዶ የሆነ አርቴሚያ (በጨው ውሃ የሚኖር ትንሽ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረት) አቅልጡላቸው።

ለፓፈር ቀንድ አውጣ የግድ ነው። ጥርሱ ማደጉን አያቆምም፤ ጠንካራ ነገር ካላደቀቀበት አፉ ይዘጋና በረሃብ ይሞታል። እኔ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎችን በማሰሮ አራባለሁ። አሁን ያለው ፓፈሬ ስጥልለት መጀመሪያ ይቆማል። ሁለቱን ዓይኖቹን ለየብቻ ያዞራል፤ አንዱ እኔን፣ ሌላው ቀንድ አውጣውን ያያል። ከዚያ ቀጭ የሚል ድምፅ ከመስታወቱ ውጭ ይሰማል።

ገንዳ ስትቀይሩለት በመረብ አታውጡት። ከውሃ ሲወጣ ከደነገጠ አየር ውጦ ይነፋል፤ ያን አየር መልሶ ማስወጣት ይቸግረዋል። ትልቅ ኩባያ ውሃው ውስጥ ንከሩና ራሱ እስኪገባ ጠብቁት።