የአደይ አበባ ኩኪስ የት ላይ ይበላሻል?

እኔና ጓደኛዬ ለእንቁጣጣሽ የአደይ አበባ ቅርጽ ያለው ኩኪስ እንሥራ ብለን ጳጉሜን ላይ አንድ ቅዳሜ ሙሉ ወጥ ቤት ዋልን። ቪዲዮው ላይ ሲታይ የአንድ ሰዓት ሥራ ይመስላል። ጠዋት 3 ሰዓት የጀመርን ሰዎች ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ቢጫ ቀለም ከጥፍራችን እያስለቀቅን ነበር። ከታዘብኩት ነገር ዋናው፣ ጉድለቱ አንድ ቦታ ይታያል፣ ጥፋቱ ግን የተሠራው ቀደም ብሎ ነው። እኛ ደግሞ ሁሌ የምንወቅሰው በመጨረሻ የያዝነውን ዕቃ ነው።

አበባው ተዘርግቶ ቂጣ ሆነ

የመጀመሪያው ትሪ ሲወጣ አበባ የሚባል ነገር የለም። ስምንቱም ቅጠል ተጣብቆ አንድ ሆኗል። "ቅርጽ ማውጫው ነው የማይረባው" አለች ጓደኛዬ። ምስኪን ቅርጽ ማውጫ! የገበታ ቅቤውን ምድጃ አጠገብ ረስተነው ግማሹ ቀልጦ ነበር። ቅቤው በጣት ሲጫን ጎድጎድ ይበል እንጂ ማብረቅረቅ ከጀመረ አልፎበታል። ሌላው ስፍሩ ነው፦ መመሪያው የሚሰፍርበት የአሜሪካ ካፕ 240 ሚሊ ሊትር ሆኖ ሳለ እኛ ስኳሩን በትልቅ ማግ፣ ዱቄቱን በሻይ ብርጭቆ ሰፈርን። ስኳር ሲበዛ ሊጡ ይቀልጣል፣ ዱቄት ሲያንስ ደግሞ የሚይዘው የለም። በዚህ ላይ ቤኪንግ ፓውደር ጨመርንበት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ሊጡ ከልክ በላይ ይነፋና ይወድቃል፣ ውሃውም ቶሎ ስለሚተን ስኳሩ ይበረታል፣ ቆላ ላይ ቀጥ ብሎ የሚቆም ኩኪስ እዚህ ይዘረጋል።

ስለዚህ በሚዛን ሥሩ። በሁለተኛው ዙር 225 ግራም ቅቤ፣ 180 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላልና 400 ግራም የፉርኖ ዱቄት ተጠቀምን፣ ቤኪንግ ፓውደሩን ተውነው። ሊጡን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል ዳምጡት፣ ቅርጹን አውጡ፣ ከነትሪው 15 ደቂቃ ፍሪዘር ውስጥ አቆዩትና ሳይለሰልስ ኦቨን ውስጥ ክተቱት። ጠርዙ በቢላ እንደተቆረጠ ሆኖ ወጣ።

ታቹ አረረ፣ መሃሉ ጥሬ ነው

መመሪያው 350 ይላል። የኛ ኦቨን ቁጥር 250 ላይ ያልቃል። "በቃ መጨረሻው ላይ አድርጊው" አለችኝ፣ እኔም ሰምቼ አደረግሁት! 350ው ለካ ፋራናይት ነው፣ በሴልሺየስ 175 ግድም። መሃለኛው መደርደሪያ ላይ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይበቃዋል። ጠርዙ ቀላ ማለት ሲጀምር አውጡት፤ መሃሉ ለስላሳ ቢመስልም ትሪው ላይ እያለ ይጠነክራል።

አይሲንጉ አልነሳ አለ

አይሲንግ ማለት ኩኪሱ የሚቀባበት፣ ከእንቁላል ነጭና ከስኳር ዱቄት የሚመታው ነው። የእንቁላሉ ነጭ ቅባት ከነካው አይነሳም። ሳህናችን ላስቲክ ነበር፣ ቅቤው የተመታበት፣ ታጥቦም ቅባቱ ያልለቀቀው። ብርጭቆ ወይም ብረት ሳህን በሎሚ ወልውላችሁ ተጠቀሙ፣ የአስኳል ጠብታም እንዳይገባ። ለ3 እንቁላል ነጭ 500 ግራም ያህል የስኳር ዱቄት ይሄዳል። ጥሬ እንቁላል መሆኑን ግን አትርሱ፤ ሕፃናትና ነፍሰ ጡር የሚበሉት ከሆነ የሜሪንግ ፓውደር (ከደረቀ የእንቁላል ነጭ የሚሠራ ዱቄት) ይሻላል።

መጭመቂያው ተደፈነ

ስኳሩን ቤት በብሌንደር ፈጭታችሁ ነው አይደል? እኛም። የአይሲንግ መጭመቂያውን ጫፍ ለመድፈን አንዲት ያልላመች ፍሬ ትበቃለች። በጣም በደቃቅ ወንፊት ሁለቴ ንፉት።

ጠርዙን አልፎ ፈሰሰ

ቀጥኗል ማለት ነው። አይሲንጉ ላይ በቢላ መስመር አድርጉና ቁጠሩ። መስመሩ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ ባለው ጊዜ ከጠፋ ለመሙያ ልክ ነው። ቶሎ ከጠፋ ስኳር ጨምሩ፤ ከቆየ ውሃ፣ ግን በጠብታ። ጠርዙን መጀመሪያ በወፍራሙ አጥሩ፣ ውስጡን በቀጭኑ ሙሉ፣ በስቴኪኒ ወደ ጥግ ጥጉ ግፉት። ቀለሙ ጄል ቢሆን ይመረጣል፣ ፈሳሹ ሳታስቡት ያቀጥናል።

መሃሉ ያለው ቡኒ ቀለም ወደ ቢጫው ገባ

የታችኛው ሳይደርቅ ላዩን ስለቀባችሁ ነው። እኛን ያቃጠለን ይሄ ነው፣ ምክንያቱም እዚህ ድረስ በደህና መጥተን ነበር። ጳጉሜን ላይ አየሩ ገና እርጥብ ስለሆነ በሦስት ሰዓት ይደርቃል የተባለው አይደርቅም። አንድ ሌሊት ሙሉ ክፍቱን ተዉት፣ ፋን ካላችሁ ራቅ አድርጋችሁ ክፈቱበት። እንዲጠነክር ብላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አትክተቱ፤ ሲወጣ ጤዛ ይዞ ቀለሙ ይላቀቃል። ኩኪሱ ትኩስ እያለ መቀባትም አይሆንም፣ አይሲንጉ ይቀልጣል፣ የቅቤ ነጠብጣብም ሊያወጣ ይችላል።

መድረቁን ደግሞ መሃል ላይ በጣት አትሞክሩ። ላዩ ቆዳ ይዞ ውስጡ ገና ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ጓደኛዬ ሞክራው ጣቷ ሰጠመ፣ "ይሄ የኔ ድርሻ ነው" ብላ አሻራዋ ያለበትን አበባ እዚያው ቆማ በላችው።