ዴሞክራሲን በሌላ አገር ላይ መጫን፦ ለክርክሩ እንዴት ትዘጋጃላችሁ?

«ዴሞክራሲ በሌሎች አገሮች ላይ በኃይል ሊጫን ይገባል» የሚለው ሞሽን (የክርክር ሐሳብ) በክርክር መድረክ በየጊዜው ይመለሳል። የሚበላሽበት መንገድም ያው አንድ ነው፤ ደጋፊው ጃፓንን ይመዛል፣ ተቃዋሚው ኢራቅን ይመዛል፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀረው ጩኸት ነው። ይህ መመሪያ በብሪታኒያ ፓርላማ ሥርዓት ለሚከራከሩ ነው፦ አራት ቡድን፣ በየቡድኑ ሁለት ተናጋሪ፣ 15 ደቂቃ ዝግጅት፣ 7 ደቂቃ ንግግር። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ «መጫን» ምን እንደሆነ ወስኑ

ከዝግጅቱ 3 ደቂቃ ለዚህ ስጡ። ከውጭ የሚመጣ ግፊት ደረጃ አለው፦ ምክርና ገንዘብ፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት እርዳታ፣ ማዕቀብ፣ በምርጫ አሸንፎ የተገፋን መሪ በጦር መመለስ፣ በመጨረሻም ወረራና ወታደራዊ አስተዳደር። ደጋፊው እርዳታውን ሁሉ «መጫን» ብሎ ቢጠራ ሞሽኑ ባዶ ይሆናል፤ ተቃዋሚው ከቦምብ በቀር ሌላ የለም ቢል ደግሞ ዳኛው ያውቅበታል። የሚያስኬደው ትርጉም «የአገሩ ሰዎች እምቢ ሊሉት የማይችሉት የውጭ ኃይል» የሚለው ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ1993 ለአዲስ አባላት ያወጣው የዴሞክራሲ መስፈርት በዚህ ትርጉም መጫን አይደለም፤ አመልካቹ ማመልከቻውን መተው ይችላል።

ትርጉማችሁን በጋምቢያ ፈትኑት። በታኅሣሥ 2016 አዳማ ባሮው ምርጫ አሸነፉ፤ በሥልጣን ላይ የነበሩት ፕሬዚዳንት ያህያ ጃሜ መጀመሪያ ሽንፈቱን ተቀብለው ከሳምንት በኋላ ካዱ። ጥር 19 ቀን 2017 ባሮው ዳካር በሚገኘው የጋምቢያ ኤምባሲ ቃለ መሐላ ፈጸሙ፤ የምዕራብ አፍሪካ አገሮች ጦርም ድንበር ተሻገረ፤ ጃሜ በሁለት ቀን ውስጥ አገር ለቀቁ። እዚህ የውጭ ጦር አለ፤ የሕዝቡ ድምፅ ግን ከጦሩ ቀድሟል። ይህ «መጫን» ነው ወይስ «ማስከበር»? መልሳችሁን ከመድረኩ በፊት ያዙ፤ የሚጠይቃችሁ አይጠፋም።

ምሳሌ አመራረጥ

ለዚህ 5 ደቂቃ ያስፈልጋል፤ ክርክሩ የሚሸነፈውም እዚሁ ላይ ነው። ምሳሌን በውጤቱ መምረጥ ትልቁ ስህተት ነው። ይልቅ ለእያንዳንዱ አገር አራት ጥያቄ ጻፉ፦ ጦሩ የገባው ለምንድን ነው? ከዚያ በፊት ምክር ቤትና ምርጫ ነበር? የቀድሞው ሠራተኛና ወታደር ምን ሆነ? በመጀመሪያው ምርጫ የተሸነፈው ወገን የት ሄደ?

ጃፓንን በእነዚህ ጥያቄዎች አሳልፏት። የ1947ቱን ሕገ መንግሥት ረቂቅ በየካቲት 1946 ከአሥር ቀን ባነሰ ጊዜ የጻፉት ጃፓንን የያዘውን ጦር በሚመሩት በጄኔራል ማክአርተር ሥር የነበሩ አሜሪካውያን ናቸው፤ ደጋፊው ይህን ቢጠቅስ እውነቱን ነው። ነገር ግን ጃፓን ከ1890 ጀምሮ ምክር ቤት ነበራት፣ በ1925 ለወንዶች ሁሉ የመምረጥ መብት ሰጥታለች፣ የመንግሥት ሠራተኛውም በአብዛኛው ቦታው ላይ ቀርቷል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ጦርነቱ የተጀመረው ዴሞክራሲን ለማምጣት አልነበረም። ጃፓንን ይዞ «ስለዚህ እንውረር» የሚል ተናጋሪ ካጋጠማችሁ፣ የምትቆርጡት በዚህች ነጥብ ነው።

ጀርመንም ብዙ ጊዜ ትጠራለች፤ አካሄዷን ግን የሚያውቅ ጥቂት ነው። በአሜሪካ ይዞታ ሥር የመጀመሪያው ምርጫ በጥር 1946 በትንንሽ ቀበሌዎች ተደረገ፤ ከዚያ ወደ ወረዳና ከተማ፣ በዓመቱ መጨረሻ ወደ ክልል ምክር ቤት ከፍ አለ። መሠረታዊ ሕጉ (የምዕራብ ጀርመን ሕገ መንግሥት) የጸደቀው በግንቦት 1949፣ አገር አቀፍ ምርጫው የተካሄደው በነሐሴ 1949 ነው። ከታች ወደ ላይ፣ ሦስት ዓመት ተኩል።

ኢራቅ በተቃራኒው። በግንቦት 2003 የወረራው አስተዳዳሪ ፖል ብሬመር በአንድ ሳምንት ልዩነት ሁለት ትእዛዝ አወጡ፤ የመጀመሪያው የሳዳም ሁሴን ገዥ ፓርቲ የነበረውን የባዝ ፓርቲ ከፍተኛ አባላትን ከሥራ አባረረ፣ ሁለተኛው ጦሩን በተነ። የታጠቀና የተዋረደ ሰው በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ቀረ። ይህን ብዙ ተከራካሪ ያውቀዋል። የማይታወቀው የምርጫ ሕጉ ነው። በጥር 2005ቱ ምርጫ አገሪቱ በሙሉ እንደ አንድ የምርጫ ክልል ተቆጠረች፤ 275 መቀመጫ በተሰጠው ድምፅ ልክ ተከፋፈለ። ታዲያ ጸጥታ በጠፋባቸውና ብዙዎች ድምፅ በነፈጉባቸው የሱኒ አካባቢዎች መቀመጫው አብሮ ጠፋ። መቀመጫው አስቀድሞ በየጠቅላይ ግዛቱ ተከፋፍሎ ቢሆን ኖሮ ሱኒዎች የሚበዙባት ጠቅላይ ግዛት አንባር ጥቂት ሰው ቢመርጥም ድርሻዋ አይወሰድባትም ነበር። ሕገ መንግሥቱን እንዲያረቅ የተመረጠውም ይኸው ምክር ቤት ነው። በጥቅምት 2005 ሕዝበ ውሳኔ አንባርና ሳላሃዲን ከሁለት ሦስተኛ በላይ «አይ» አሉ፤ ረቂቁን ለመጣል ሦስት ጠቅላይ ግዛቶች ያስፈልጉ ስለነበር ሕጉ አለፈ። ይህን በ40 ሴኮንድ መናገር የሚችል ተቃዋሚ «ኢራቅ ፈረሰች» ከሚል አሥር ተናጋሪ ይበልጣል።

ሕጉን በአጭሩ

በንግግራችሁ ሕግ ላይ ከአንድ ደቂቃ በላይ አትቆዩ። የተባበሩት መንግሥታት ቻርተር አንቀጽ 2 ንዑስ አንቀጽ 4 በኃይል መጠቀምንም ማስፈራራትንም ይከለክላል፤ በግልጽ የተቀመጡት ማምለጫዎች በአንቀጽ 51 ያለው ራስን መከላከልና በምዕራፍ 7 የጸጥታው ምክር ቤት ፈቃድ ናቸው። ሊቢያን ስትጠቅሱ ተጠንቀቁ፦ በመጋቢት 2011 በ10 ድጋፍና በ5 ድምፀ ተአቅቦ ያለፈው የምክር ቤቱ ውሳኔ ቁጥር 1973 የፈቀደው ሲቪሎችን መጠበቅን ነው፤ ዴሞክራሲ መትከል የሚል የለበትም።

ደጋፊ ከሆናችሁ

ሁሉንም አምባገነን ለማውረድ ቃል አትግቡ፤ ሸክሙን አትችሉትም። ሞሽኑን ድምፅ ተሰጥቶ ውጤቱ በጠመንጃ ወደተቀማበት ሁኔታ አጥብቡት። ዋና ክርክራችሁም «ሉዓላዊነት የሕዝቡ ነው፤ ያልተመረጠ ገዥ በሕዝቡ ስም እምቢ ሊል አይችልም» የሚለው ይሁን። ጋምቢያና ሄይቲ እዚህ ይገባሉ። ሄይቲን ግን እስከ መጨረሻው እወቁ፤ በ1994 የአሜሪካ ጦር ወደ ሥልጣን የመለሳቸው የተመረጡት ፕሬዚዳንት አሪስቲድ በየካቲት 2004 እንደገና ከሥልጣን ወጥተዋል፤ ተቃዋሚው ይህችን ይዞ ይቆያችኋል።

ተቃዋሚ ከሆናችሁ

«አንዳንድ ሕዝብ ለዴሞክራሲ አልተፈጠረም» የሚል ቃል ከአፋችሁ አይውጣ። ንቀት ነው፤ ስለ ጃፓንም ከ1945 በፊት ተብሎ ነበር። ክርክራችሁ ስለ ሕዝቡ ሳይሆን ስለ መሣሪያው ይሁን፦ ጦር ገዥን ማውረድ ይችላል፤ ተሸንፎ ወደ ቤቱ የሚሄድ ፖለቲከኛ ማምረት ግን አይችልም። የአፍጋኒስታን የ2004 ሕገ መንግሥት ለዚህ ይጠቅማል። የየአውራጃውን ገዥ የሚሾመው ካቡል ያለው ፕሬዚዳንት ነበር፤ ስለዚህ በአካባቢው ማንም ቢሸነፍ ቢያሸንፍ ሥልጣኑ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2021 ካቡል በታሊባን ስትያዝ ፕሬዚዳንቱ አገር ጥለው ወጥተዋል።

ሰዓቱ

ከዝግጅቱ የቀረውን 7 ደቂቃ ለሁለት ክፈሉት፦ 4 ደቂቃ ክርክራችሁን በሙሉ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ፣ 3 ደቂቃ የተቃራኒውን ምርጥ ክርክር ለመመለስ። በንግግሩ የመጀመሪያና የመጨረሻ ደቂቃ ማቋረጫ ጥያቄ (ተቃራኒው ወገን በንግግሩ መሐል የሚያነሣው አጭር ጥያቄ) አይፈቀድም፤ ትርጉማችሁን በዚያች በተጠበቀች የመጀመሪያ ደቂቃ ጨርሱ። ሁለት ክርክር ይበቃል፤ ሦስተኛው ሁልጊዜ ተቆርጦ ይቀራል። እናንተ የምትጠይቁት ማቋረጫ ከ15 ሴኮንድ አይለፍ፤ ለየትኛውም ወገን የምትሠራው ጥያቄ ከአራቱ የመጨረሻዋ ናት፦ «በጠቀስከው አገር በመጀመሪያው ምርጫ የተሸነፉት ሰዎች ምን ሆኑ?»