«ተጠንቀቅ!» ከማለታችሁ በፊት እስከ 20 ቁጠሩ

ልጅ ሲጫወት አጠገቡ ቆመን «ተው!»፣ «ውረድ!»፣ «ተጠንቀቅ!» የማንል ወላጆች ጥቂት ነን። እኔ እንኳ ዋነኛዋ ነበርኩ። አሁን አፌን ከመክፈቴ በፊት በልቤ እስከ 20 እቆጥራለሁ። ብዙ ጊዜ ቆጥሬ ሳልጨርስ ልጁ ራሱ መላ ያገኛል። ወይ ይወርዳል፣ ወይ ጠንከር ያለውን ቅርንጫፍ ይይዛል። ከጓደኛው ጋር ቢጣላም ገላጋይ ሳይገባ ይታረቃሉ።

መኪና፣ ጥልቅ ውሃ ወይም እሳት ካለ ግን ቆጠራ የለም፤ ሮጦ መያዝ ነው።

የግድ መናገር ካለባችሁም «ተጠንቀቅ» ብቻ አትበሉ። ያስደነግጠዋል እንጂ ምን ማድረግ እንዳለበት አይነግረውም። «ቀጥሎ እግርህን የት ልታሳርፍ ነው?» ብትሉት ይሻላል።

ሲለመድ (እውነቱን ለመናገር የሚለምደው ወላጅ ነው) ራቅ ራቅ በሉ። ከዚያ ቅርብ ቦታ፣ ለምሳሌ ሱቅ፣ ላኩት። መጀመሪያ አብራችሁ ሂዱ፤ እሱ ይምራ፣ እናንተ ከኋላ ተከተሉ። በሌላ ቀን መንገዷን ብቻውን ይሞክራት።

በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1971 የ7 እና የ8 ዓመት ልጆች 80 በመቶዎቹ ያለ አዋቂ ትምህርት ቤት ይሄዱ ነበር። በ1990 ቁጥሩ ወደ 9 በመቶ ወርዶ ተገኘ። ያኔ ስማርት ስልክ የሚባል ነገር አልነበረም፤ ሁሉንም በስክሪን ማላከክ አያስኬድም። ወላጆቹን በዋናነት ያስፈራቸው መኪና ነበር። ስለዚህ ለልጃችሁ የመጀመሪያዋን መንገድ ስትመርጡ አስፋልት የማታሻግር ትሁን።