የቦይለር ታይመር ስታስገጥሙ

አዳማን በመሰለ ሞቃት ከተማ ቦይለር ቀኑን ሙሉ ሲበራ መዋሉ ለእኔ ገንዘብ ማቃጠል ነው። ታይመር አስገጥሙለት፤ ከዚያ በፊት ግን የቤታችሁን ውሎ ተመልከቱ። 1,500 ዋት የሚስብ ባለ 50 ሊትር ቦይለር ውሃውን ከ20 ወደ 60 ዲግሪ ለማድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይበቃዋል። ልጆች ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ የሚታጠቡ ከሆነ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይብራ። ታይመሩ የሚሠራው በፈረንጆች ሰዓት ስለሆነ የሚሞላው ግን 5:00 ነው፤ 11:00 ብላችሁ ከሞላችሁት ውሃው መሞቅ የሚጀምረው ረፋድ ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ነው።

መብራት ሲጠፋ ሰዓቱን የማይረሳ፣ ባትሪ ያለው ታይመር ምረጡ። እንጀራ በሚጋገርበት ሰዓት ደግሞ ቦይለሩ ይጥፋ፤ ምጣዱ ብቻውን ብዙውን ጊዜ ከ3,000 ዋት በላይ ይስባል።