ቤተሰብም ሙሉ ፕላይውድም የሚጭን መኪና ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የመጀመሪያውን ትልቅ መኪናዬን የገዛሁት ሰባት ሰው ስለሚይዝና የኋላ ወንበሮቹ ሲታጠፉ ሜዳ ስለሚመስል ነበር። በሳምንቱ ፕላይውድ ልጭንበት ሄድኩ። እኔ በአንዱ ጫፍ፣ ጫኙ በሌላው ጫፍ ይዘን ወደ ውስጥ ስንገፋው ገና ከበሩ ሳያልፍ ቀጥ አለ። ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ወደ ውስጥ የሚገባው ጉብታ ይዞታል። ከጉብታው በላይ ልናሳልፈው ብድግ ስናደርገው ደግሞ የበሩ ቋሚዎች በግራም በቀኝም ያዙት። ሜትር አውጥቼ ለካሁ፦ በሩ 1 ሜትር ከ12፣ ፕላይውዱ 1 ሜትር ከ22። ጫኙ አንዴ እኔን አንዴ መኪናውን እያየ «ቆርጠን እንስጥህ?» አለኝ። አስቆረጥኩ። በዚያ ፕላይውድ የሠራሁት ቁም ሳጥን ጀርባው ላይ እስከ ዛሬ መጋጠሚያ አለው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት መኪና ለራሴ፣ ብዙ መኪና ደግሞ ለወዳጅ ዘመድ ስመርጥ ቆይቻለሁ። ሰው የሚሳሳተው እዚያው እዚያው ላይ ነው።

በሊትር መገመት

ሻጮች የዕቃ ቦታን በሊትር ይናገራሉ፤ ሁለት ሺህ፣ ሦስት ሺህ፣ አራት ሺህ ሊትር። ቁጥሩ ውሸት አይደለም፤ ለፕላይውድ ግን ምንም አይነግርዎትም። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሙሉ ፕላይውድ በይዘት ሲሰላ 54 ሊትር ገደማ ነው። በሊትር ከሄድን 300 ሊትር የዕቃ ቦታ ያላት ትንሽ የከተማ መኪና አምስቱን መዋጥ ነበረባት። ሊትር የሚጠቅመው ለሻንጣና ለአስቤዛ ነው። ለእኛ ጉዳይ ሁለት ቁጥር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ የሙሉ ፕላይውድ ስፋትና ርዝመት፣ 122 እና 244 ሴንቲ ሜትር።

እሱም ቢሆን የሚገዙት ዕቃ በዚህ ልክ ከሆነ ነው። ፕላይውድም ኤምዲኤፍም (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) በብዛት 1220 በ2440 ሚሊ ሜትር ሆነው ይመጣሉ፤ 1250 በ2500 የሆኑም አሉ። ጂፕሰም ቦርድ ብዙ ጊዜ 1200 በ2400 ነው፤ እስከ 3 ሜትር የሚረዝመውም ይሸጣል። ስለዚህ መኪና ከማየትዎ በፊት ሁልጊዜ የሚገዙትን ዕቃ ለክተው ይምጡ።

ወለሉን ለክቶ በሩን መርሳት

እኔን የጣለኝ ይኸው ነው። የመኪና ውስጥ ሳጥን አይደለም፤ ወደ ላይ እየጠበበ፣ ጎኑ እየጎበጠ፣ አንዱ ጋ ኩባያ ማስቀመጫ፣ ሌላው ጋ የቀበቶ መጠቅለያ እየተለጠፈበት የሚሄድ ነገር ነው። ፕላይውድ ደግሞ አይተጣጠፍም። የሚያሳልፈው ከሁሉም የጠበበው ቦታ ነው።

ሦስት ስፋቶች መለካት አለባቸው። አንደኛው በኋላ ጎማ ጉብታዎች መካከል ያለው ነው። ሁለተኛው የኋላው በር ሲከፈት ያለው ክፍተት ነው፤ እሱም ታችና መሐል ላይ ለየብቻ ይለካል፣ ብዙ መኪና ከወገቡ በላይ ይጠባልና። ሦስተኛው ወንበሮቹ ከታጠፉ በኋላ ከፊት ወንበሮች ጀርባ ያለው ስፋት ነው። በዚያ ላይ ርዝመቱ አለ፤ ከፊት ወንበር ጀርባ እስከተዘጋው የኋላ በር ድረስ። «እስከተዘጋው» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የኋላ በር መስታወት ወደ ፊት ያዘነብላል፤ ወለሉ ላይ 2 ሜትር ከ50 የሆነ መኪና ግማሽ ሜትር ከፍ ሲሉ 2 ሜትር ከ30 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ርዝመቱን ሲለኩ የሾፌሩ ወንበር እርስዎ በሚነዱበት ቦታ ላይ ይሁን። ሻጩ ወንበሩን እስከ መሪው ገፍቶ «ይኸው ገባ!» ቢልዎት ጉልበትዎን ደረትዎ ላይ አጣጥፈው ቤት ድረስ የሚነዱት እርስዎ ነዎት።

ቁጥሮቹ ምን ያህል ጠባብ እንደሆኑ ለማየት ያህል፦ የቮልስዋገን ትራንስፖርተር ዕቃ ጫኝ ቲ5 እና ቲ6 በጎማ ጉብታዎቹ መካከል 1244 ሚሊ ሜትር አለው። 1220 የሆነው ፕላይውድ ሲተኛ በግራና በቀኝ 12፣ 12 ሚሊ ሜትር ይተርፈዋል፤ የጣት ውፍረት እንኳ አይሞላም። 1250 የሆነው ግን ጨርሶ ወለሉ ላይ አይተኛም። ለሥራ ተብሎ የተሠራው መኪና ይህን ያህል ከተጨነቀ፣ ለሰው ምቾት የተሠራውን በዓይን ገምቶ መግዛት ምን ማለት እንደሆነ ይታይዎት።

እኔ አሁን መኪና ላይ ስሄድ ሜትር ብቻ ይዤ አልሄድም። ልክ 122 ሴንቲ ሜትር ላይ የተቆረጠ ቀጭን ጣውላና 244 ላይ የተቋጠረ ሲባጎ እይዛለሁ። ጣውላውን አግድም ይዤ ከኋላ በር እስከ ፊት ወንበር ድረስ፣ ፕላይውዱ በሚሄድበት ከፍታ፣ ቀስ እያልኩ እወስደዋለሁ። የሚነካበት ቦታ ካለ እዚያው ይነግረኛል። ሻጮች ይስቃሉ፤ ይሳቁ። በሜትር የለካሁት አንድ መኪና በቁጥር አልፎ በጣውላው ወድቋል፤ የቀበቶው ፕላስቲክ ሽፋን ሁለት ሴንቲ ያህል ወደ ውስጥ ወጣ ብሎ ነበር፣ ሜትሬ ከሱ በታች ነው ያለፈው።

ጉብታው ቢያግድዎትም ከጉብታው በላይ ያለው ስፋትና የበሩ ክፍተት 122 የሚያሳልፉ ከሆነ ተስፋ አይቁረጡ። ሁለት ሦስት ሞራሌ (አራት ማዕዘን ሆኖ የተሰነጠቀ እንጨት) አግድም ከጉብታው እኩል አድርገው ቢያነጥፉ ፕላይውዱ በላዩ ይተኛል።

«ፒክአፕ ከሆነ ምን ያቅተዋል?»

ደብል ጋቢና ፒክአፕ ቤተሰብም ይይዛል፣ ዕቃም ይጭናል፤ ስለዚህ ለሁለቱም ሆነ ይባላል። የብዙዎቹ መካከለኛ ደብል ጋቢናዎች መጫኛ ግን ርዝመቱ 1.5 ሜትር አካባቢ ነው። 2.44 የሆነው ፕላይውድ ወደ 90 ሴንቲ ሜትር ይወጣል። የኋላ ስፖንዳው ተዘግቶ ከተጫነ አፉን ወደ ሰማይ አንጋጦ ይሄዳል፤ ወርዶ ከተጫነ ደግሞ ካልታሰረ ተንሸራትቶ ይወርዳል። ቶዮታ ሃይሉክስን በመሰሉት ላይ በጎማ ጉብታዎቹ መካከል ያለው ስፋት 1.1 ሜትር አካባቢ ስለሆነ እዚያም ሞራሌ ያስፈልጋል። ዝናብ ሲመጣ ጂፕሰም ቦርዱና ኤምዲኤፉ ይበላሻሉ። ረጅም መጫኛ ያለው ነጠላ ጋቢና ይህ ሁሉ ጣጣ የለበትም፤ ልጆቹን ግን የት ያስቀምጧቸዋል?

ፒክአፕ አይረባም እያልኩ አይደለም፤ አሸዋና ድንጋይ ለሚጭን፣ ኮረኮንች ለሚነዳ ወደር የለውም። ለፕላይውድና ለልጆች ግን ሚኒቫን ይበልጠዋል ባይ ነኝ። መልኩ አይማርክም፣ አውቃለሁ። ወለሉ ዝቅ ያለ፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ በሩ ሰፊ ነው፤ የሚፈለገውም ይኸው ነው። ከውጭ ግዙፍ የሚመስሉት ከፍ ያሉ የቤተሰብ መኪናዎች ብዙ ጊዜ ከውስጥ ከሱ ይጠባሉ፤ የእኔው የመጀመሪያ መኪና ምስክር ነው።

ወንበሮቹ የት እንደሚገቡ አለመጠየቅ

ሁሉም ሻጭ «ወንበሮቹ ይታጠፋሉ» ይላል። ታጥፈው የት ይሄዳሉ? ሦስት ዓይነት አለ፦ ወለል ውስጥ የሚሰምጡ፣ ተነቅለው የሚወጡ፣ እዚያው ተኮማትረው ቦታ የሚይዙ። የክራይስለርና የዶጅ ሚኒቫኖች ከ2005 ሞዴል ጀምሮ ሁለተኛውም ሦስተኛውም ረድፍ ወለል ውስጥ የሚሰምጥባቸው ስሪቶች አሏቸው፤ ለእንዲህ ያለ ሥራ ከዚህ የተሻለ አላየሁም፣ ምንም እንኳ ወንበሮቹ ሳሳ ቢሉም። ቶዮታ ሲየና ላይ እስከ 2020 ድረስ የመካከለኛው ረድፍ ይነቀል ነበር፤ ከ2021 ሞዴል ጀምሮ ግን እንዲነቀል ተደርጎ አልተሠራም። ስሙ አንድ ሆኖ ሞዴሉ ሲቀየር ነገሩ ሁሉ ይቀየራል፤ «ጎረቤቴ ይጭንበታል» ማስረጃ አይሆንም።

የሚነቀለውም ጣጣ አለው። አንዱ ወንበር ከ20 ኪሎ በላይ ሊመዝን ይችላል፣ ነቅለው ቤት ውስጥ የሚያስቀምጡበት ቦታ ይፈልጋል፣ የሕፃን መቀመጫ የታሰረበት ከሆነ ደግሞ እሱን ፈትቶ መልሶ በትክክል ማሰር አለ። እኔ አንዴ ቅዳሜ ጠዋት ነቅዬ፣ ጭኜ፣ አራግፌ፣ መልሼ ስገጥም ቀኑ መሸብኝ።

ትልቁን ነገር የሚረሱት ግን ይኼን ነው፦ ሙሉ ፕላይውድ በተኛበት ሰዓት ስምንት ሰው የሚይዘው መኪና ባለ ሁለት ወንበር ነው። «ልጆቹን ከትምህርት ቤት ይዤ በዚያው ፕላይውዱን አነሣለሁ» የሚለው ዕቅድ አይሠራም፤ ልጅ ፕላይውዱ ላይ ተቀምጦ መሄድ ደግሞ የማይታሰብ ነው።

ጭነቱ ወደ ፊት እንደሚሄድ መርሳት

ጠንከር ያለ ፍሬን ጭነቱን ከክብደቱ ሰባት ስምንት አሥረኛ በሚሆን ጉልበት ወደ ፊት ይገፋዋል። አሥር ፕላይውድ 350 ኪሎ ቢሆን 250 ኪሎ ያህል ጉልበት ጀርባዎ ላይ መጣ ማለት ነው፤ ግጭት ከሆነማ ብዙ እጥፍ ነው። ከጉብታ በላይ፣ በሞራሌ ላይ የተጫነ ፕላይውድ ደግሞ ጠርዙ የሚደርሰው ወገብና ጀርባ ላይ ነው። ስለዚህ መኪናውን ሲመርጡ ወለሉ ላይ ከብረቱ ጋር የተያያዙ የማሰሪያ ቀለበቶች አሉት ወይ ብለው ይዩ። ምንጣፉ ላይ የተሰፋ ወይም ፕላስቲክ ላይ የተሰካ ለከረጢት ነው፤ ለፕላይውድ አይሆንም።

ስፋት እንጂ ክብደት አለመቁጠር

ባለ 18 ሚሊ ሜትር ፕላይውድ 35 ኪሎ ገደማ ነው፤ ተመሳሳይ ውፍረት ያለው ኤምዲኤፍ ወደ 40 ይጠጋል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር መስታወት በካሬ ሜትር 15 ኪሎ ነው። አሥር ኤምዲኤፍ ብቻውን 400 ኪሎ ይሆናል፤ እርስዎና ረዳትዎ ሲጨመሩ 550 ይደርሳል። መኪናው ይችላል? ከፍተኛው ጠቅላላ ክብደት ላይ ባዶ ክብደቱን ሲቀንሱ የሚቀረው ነው ለሰውም ለዕቃም የሚፈቀደው። ቁጥሩ በመመሪያው መጽሐፍ ወይም ብዙ ጊዜ በሾፌሩ በር ቋሚ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይገኛል። ቦታው ስላለ ብቻ የሚሞላ ሰው የኋላ ጎማው ሲጨፈለቅ፣ የፊት መብራቱ የሰው ዓይን ላይ ሲያበራ ነው የሚነቃው።

ጣሪያውን እንደ ማምለጫ መቁጠር

«ካልገባ ፖርቶ መጋላ ላይ እናስረዋለን» ማለት ቀላል ነው። የብዙ የቤተሰብ መኪና ጣሪያ ሲነዳ የሚፈቀድለት 75 ኪሎ አካባቢ ነው፤ የፖርቶ መጋላው ብረት ክብደትም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ሁለት ፕላይውድ ሞላው።

ከክብደቱ ይልቅ የሚያስፈራው ነፋሱ ነው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የነፋስ ግፊት አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ላይ ግፊቱ በካሬ ሜትር 45 ኪሎ ያህል ነው፤ አንድ ሙሉ ፕላይውድ ወደ 3 ካሬ ሜትር ይጠጋል። የዚህ ግማሹ እንኳ ወደ ላይ ቢያነሣ ከ60 ኪሎ በላይ ነው፣ ፕላይውዱ ራሱ ግን 35። የተሰነጠቀ ፖርቶ መጋላና አስፋልት ላይ የተኛ ፕላይውድ የሚመጣው ከዚህ ነው። የግድ ከሆነ መሐሉን ብቻ አስሮ መሄድ አይበቃም፤ የፊቱ ጫፍ ወደ መኪናው አፍንጫ፣ ወደ መጎተቻው መንጠቆ በሁለት ገመድ ወርዶ ይታሰር፣ መንገዱም አጭርና ቀስ ያለ ይሁን። ግዢ ላይ ግን «ጣሪያ አለው» ብለው የውስጡን ልክ እንዳይተዉ።

የኋላ በር ከፍቶ መሄድን እንደ መፍትሔ መያዝ

ፕላይውዱ ሃያ ሴንቲ ወደ ውጭ ሲወጣ በሩን በገመድ አስሮ መሄድ የተለመደ ነው። ከመኪናው ኋላ የሚፈጠረው ዝቅተኛ የአየር ግፊት የማርሚታውን ጭስ ስቦ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። ግዴታ ከሆነ የፊት መስኮቶችን ይክፈቱ፣ የወጣው ጫፍ ላይ ቀይ ጨርቅ ይሰሩ፣ የአገሩን ደንብም ይጠይቁ። ልጅ የሚጫንበት መኪና ላይ ግን ይህን ልማድ አድርገው አይግዙት።

በዓመት ሁለት ቀን ለሚመጣ ጭነት ሦስት መቶ ስድሳ ሦስቱን ቀን መሠዋት

እንጨት ሥራ የምወድ ሰው ሆኜ ይህን ማለት ይከብደኛል። ባለፈው ዓመት ሙሉ ፕላይውድ ስንት ጊዜ ጫኑ? ከአምስት በታች ከሆነ መኪናውን ለልጆቹ ይምረጡት፤ ፕላይውዱን ያስመጡት፣ ወይም ሻጩ ጋ በልክ ያስቆርጡት። ተጎታችም ጥሩ ነው፣ መኪናው እንዲጎትት የተፈቀደለትና ልኩ የተጻፈ እስከሆነ ድረስ፤ አንዳንድ ሞዴል ጭራሽ አይፈቀድለትም።

እኔ ከአምስት በላይ እጭናለሁ። የአሁኑ ሚኒቫኔ ፕላይውዱን ወለሉ ላይ አስተኝቶ በሩ ይዘጋል፣ የሚተርፈው አራት ጣት ነው። ጣውላዋ እስካሁን ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተኝታለች፤ ትንሿ ልጄ ግማሹን በእስክሪብቶ ቀብታዋለች።