ስታቲስቲክስ ለመማር ብድር ከመፈረማችሁ በፊት እንዴት ማስላት ይቻላል?

እዚህ ሜሪላንድ አንድ አባት የልጃቸውን የኮሌጅ ደብዳቤ ይዘው ቤቴ መጡ። ከላይ በደማቁ «ጠቅላላ እርዳታ» ይላል። ደስ ብሏቸዋል። መስመር በመስመር ስናነበው ግን ከግማሽ በላዩ ብድር ነው። ትልቁ ደግሞ በእሳቸው ስም የሚፈረም። ልጅቷ የመረጠችው ስታቲስቲክስ ነው፤ ጥሩ ምርጫ ነው። ጥያቄው በስንት ብር የሚለው ነው።

1. ደብዳቤውን ለሁለት ክፈሉት

ወረቀት አውጡና መሃሉን አስምሩ። በግራ የማይመለሰውን ጻፉ፦ ግራንት፣ ስኮላርሺፕ። በቀኝ «ሎን» (ብድር) የሚል ቃል ያለበትን ሁሉ። «ወርክ ስተዲ» የሚለውን የትም አታስገቡ፤ ልጁ ሠርቶ ካገኘ ብቻ የሚመጣ ገንዘብ ነው። ከዚያ ከዓመቱ ሙሉ ወጪ ላይ፣ ዶርምና ምግብ ጭምር፣ የግራውን ብቻ ቀንሱ። የቀረውን በአራት አባዙ። ክፍያው በየዓመቱ ስለሚጨምር ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ያዙት።

2. ማን ነው የሚበደረው?

በወላጅ ሥር ያለ ተማሪ ከፌዴራል መንግሥት በራሱ ስም የሚበደረው ገደብ አለው። በመጀመሪያው ዓመት 5,500 ዶላር፣ በሁለተኛው 6,500፣ በሦስተኛውና በአራተኛው 7,500። በአራት ዓመት 27,000 ዶላር ማለት ነው።

ከዚያ በላይ ሲሆን «ፓረንት ፕላስ» ይመጣል። ይሄ የወላጅ ዕዳ ነው። ልጄ ሲመረቅ ይከፍለዋል ብላችሁ ብትስማሙ እንኳ በሕግ ተጠያቂው የፈረመው ወላጅ ነው። ከጁላይ 1፣ 2026 ጀምሮ አዲስ የሚበደር ወላጅ በዓመት ከ20,000፣ ለአንድ ልጅ በጠቅላላው ከ65,000 ዶላር በላይ መውሰድ አይችልም።

3. ዕዳውን ወደ ወር ክፍያ ቀይሩት

እቁብ የምንጥል ሰዎች ገንዘብን በወር ማሰብ ስለምናውቅበት ይሄ አይከብደንም። በ2025–26 የትምህርት ዓመት የተማሪው ብድር ወለድ 6.39 በመቶ፣ የፓረንት ፕላስ 8.94 በመቶ ነው። በአሥር ዓመት ቢከፈል፦

27,000 ዶላር በወር ወደ 305 ዶላር ይሆናል።
65,000 የፓረንት ፕላስ ብድር በወር ወደ 821 ዶላር።

ሁለቱ ሲደመሩ በወር 1,126 ዶላር። ይሄ ደግሞ ተማሪው ትምህርት ላይ እያለ የሚቆጥረውን ወለድ ሳንጨምር ነው።

4. ትክክለኛውን ደሞዝ ፈልጉ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጉ ስታቲስቲሺያን በዓመት ከ100,000 ዶላር በላይ ያገኛል የሚል ታያላችሁ። ውሸት አይደለም። የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ያወጣው መካከለኛ ደሞዝ ከዚያ በላይ ነው። ግን ይሄው ቢሮ ለዚህ ሥራ መግቢያ ብሎ የሚጽፈው ማስተርስ ነው። ቁጥሩ ውስጥ ለዓመታት የሠሩም አሉበት። በባችለር የወጣ የ22 ዓመት ልጅ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ዳታ አናሊስት ወይም ይህን በመሰለ ቦታ ነው።

ስለዚህ የፌዴራሉ ትምህርት ዲፓርትመንት ያዘጋጀውን «ኮሌጅ ስኮርካርድ» ክፈቱ። በነፃ ነው። የትምህርት ቤቱን ስም፣ ከዚያ ስታቲስቲክስ የሚለውን ሜጀር (ዋና የትምህርት ዘርፍ) ምረጡ። እዚያው ትምህርት ቤት ያንኑ የተማሩ ምን እንደሚያገኙና ስንት ዕዳ ይዘው እንደወጡ ያሳያችኋል። የተመራቂው ቁጥር አንሶ መረጃ ከሌለ፣ የዚያኑ ትምህርት ቤት የሒሳብ ሜጀር እዩ።

5. ጎን ለጎን አስቀምጡ

ያገኛችሁት ቁጥር በዓመት 60,000 ዶላር ነው እንበል። ከታክስ በኋላ እጅ ላይ የሚደርሰው በወር ወደ 3,900 ነው። 305 ዶላር ከዚህ ላይ ቢነሳ ይቻላል። 1,126 ግን ከሩብ በላይ ነው። ቤት ኪራይ፣ መኪና፣ ለአያት የሚላከው ገንዘብ ገና አልተነሳም። እኔ የምይዘው ልክ ይሄ ነው፦ የልጁም የወላጁም ብድር ተደምሮ ከመጀመሪያው ዓመት ደሞዝ መብለጥ የለበትም።

6. ካልተመጣጠነ

ሜጀሩን ከመቀየር በፊት መንገዱን ቀይሩ። ካልኩለስ፣ ሊኒየር አልጀብራና የመግቢያ ስታቲስቲክስ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ይሰጣሉ። ሜሪላንድ ያለው ሞንትጎመሪ ኮሌጅ ወይም ኖቫ (የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ) ሁለት ዓመት ከቤት ተመላልሶ፣ ከዚያ ወደ ስቴት ዩኒቨርሲቲ መዛወር ዕዳውን በጣም ያቃልለዋል። ትራንስፈር የሚሆኑትን ኮርሶች ግን ከመመዝገባችሁ በፊት ከአማካሪው ጋር አረጋግጡ።

ማስተርስ ያስፈልገዋል ብላችሁ ካሰባችሁ ይህንንም እወቁ፦ በስታቲስቲክስ ማስተርስ አብዛኛውን ጊዜ በራስ ኪስ ነው። ፒኤችዲ ግን ብዙ ቦታ ክፍያው ተሸፍኖ፣ በማስተማር ወይም በምርምር ረዳትነት የወር ገንዘብ ይገኝበታል።

እነዚያ አባት ፓረንት ፕላሱን አልፈረሙም። መጀመሪያ ያደረጉት ትምህርት ቤቱን እንደገና መጠየቅ ነበር። ገቢያችሁ ፋፍሳ (የፌዴራሉ የተማሪ እርዳታ ማመልከቻ) ላይ ከተጻፈው ከቀነሰ፣ የሥራ ሰዓት ከተቆረጠባችሁ ወይም የሕክምና ወጪ ከመጣባችሁ ለፋይናንሺያል ኤይድ ቢሮው ደብዳቤ ጻፉ። የቅርብ ጊዜ የደሞዝ ወረቀታችሁንና ደረሰኞቹን አያይዙ። ብዙ ኮሌጆች ውሳኔያችሁን የሚጠብቁት እስከ ሜይ 1 ስለሆነ፣ ደብዳቤው ኤፕሪል መጀመሪያ ላይ ቢገባ ይሻላል።