ባልዲው ሞልቶ ማሳው ደህና ሲሆን፦ የተምች የእሳት እራትን ከመሰሎቹ የመለየት ችግርና መፍትሄ

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ በቆሎው ጉልበት ሲደርስ የልማት ሠራተኞች አንድ ጥያቄ ደጋግመው ያመጡልኛል፦ «ወጥመዱ ሞልቷል፤ ገበሬው ይርጭ?» መልስ ከመስጠቴ በፊት በባልዲው፣ ማለትም በወጥመዱ፣ የተያዙትን የእሳት እራቶች በነጭ የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ዘርግቼ ማየት እፈልጋለሁ፤ ተምች የሚባለው ትል አድጎ የእሳት እራት ይሆናልና። ገበሬው ለኬሚካል የሚያወጣው ገንዘብ ከልጆቹ ደብተርና ከዘይት የሚቀነስ ነው። የአሜሪካ ተምች በ2009 ዓ.ም. አገራችን ከገባ ወዲህ ደግሞ ቡናማ ክንፍ ያለው ሁሉ እሱ እየመሰለን ብዙ ተሳስተናል።

ምልክት፦ ወጥመዱ በየሳምንቱ ይሞላል፤ ቅጠሉ ግን አልተበላም

ምክንያቱ ሽታው ነው። በወጥመዱ ውስጥ የሚንጠለጠለው ማማለያ የሴቷን ሽታ አስመስሎ የተሠራ ፌሮሞን ነው። ከሽታው ንጥረ ነገሮች የተወሰኑትን ሌሎች የእሳት እራቶችም ይጋሯቸዋል። ከእነዚህ አንዱ በአፍሪካ የበቆሎ ማሳዎች ለአሜሪካ ተምች በተተከሉ ወጥመዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚገኘው ሊውካኒያ ሎሬዪ ነው። መጠኑ ከተምቹ ጋር ይቀራረባል፤ ባልዲ ውስጥ ሲራገፍ ከርሞ የደረቀ ከሆነ ደግሞ በሩቁ የሚለየው ሰው አይገኝም።

መፍትሄው ዓይኑ ላይ ነው። አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነፅር ይያዙ፣ የእሳት እራቱን በወረንጦ አንሥተው ጀርባዎን ለፀሐይ ሰጥተው የዓይኑን ገጽ በጎን በኩል ይመልከቱ። የሎሬዪ ዓይን በጥቃቅን ፀጉር የተሸፈነ ነው። የስፖዶፕቴራ ወገን የሆኑት፣ የአሜሪካውም ሆነ የቆየው የአፍሪካ ተምች፣ ዓይናቸው ልሙጥ ነው። ከፊት ለፊት ካዩት ፀጉሩ አይታይም፤ የዓይኑ ጠርዝ ከብርሃኑ ጋር ሲገናኝ ግን እንደ ስስ ጸዳል ብቅ ይላል። ይህን ምልክት የምወደው እንደ ክንፍ ቀለም በቀላሉ ስለማይጠፋ ነው። ባልዲውን በሙሉ በዚህ መንገድ ለዩና ባለ ልሙጥ ዓይኖቹን ብቻ ቁጠሩ። የመርጨት ውሳኔ ግን ከዚህ ቁጥርም በላይ ቅጠሉን አገላብጦ በማየት የሚወሰን ነው።

ምልክት፦ ዓይኑ ልሙጥ ነው፤ ክንፉ ግን ተልጧል

የእሳት እራት ቀለም ክንፉ ላይ የተደረደረ ዱቄት መሰል ቅርፊት ነው። ወጥመድ ውስጥ ሲንፈራገጥ ይረግፋል፣ ዝናብ ከገባበትም ይለጠፋል። ያልተላጠ ወንድ የአሜሪካ ተምች ካገኛችሁ ችግር የለም፤ የፊት ክንፉ ጫፍ አጠገብ ነጭ ባለ ሦስት ማዕዘን ነጥብ አለው። ከተላጠ ወደ ሆዱ ጫፍ ሂዱ። የአፍሪካው ተምች ወንድ በሆዱ ጫፍ ላይ እንደ ማንኪያ ግርጌው ቀጥኖ ጫፉ የሰፋ ቅርፊት አለው። ፆታውን ለማረጋገጥ የኋላ ክንፉን ሥር ይዩ፤ የፊቱን ክንፍ ከኋላው የሚያያይዘው ጠንካራ ፀጉር በወንዱ አንድ ነው፣ በሴቷ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ። የፌሮሞን ወጥመድ ወንዶችን ስለሚጠራ ከባልዲው ሴት ካገኛችሁ በአጋጣሚ የገባች ናት።

ምልክት፦ ሆዱን ከፍቼ አየሁ፤ አሁንም አልለይም

እዚህ ላይ ብዙዎች ተስፋ ይቆርጣሉ፤ እኔ ግን ከሁሉም የበለጠ የማምነው ይህን ዘዴ ነው። የወንዱ መራቢያ አካል ሁለት መያዣ ክንዶች አሉት፣ ቅርጻቸውም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። የአሜሪካው ተምች ክንድ ሰፊና አራት ማዕዘን ወደ መሆን የሚቀርብ ነው። የሎሬዪ ግን አንገቱ ቀጥኖ ጫፉ ሰፋ ይላል።

የማይለየው አብዛኛውን ጊዜ በአዘገጃጀት ስሕተት ነው። ክፍሎቹ በሥጋና በስብ ከተሸፈኑ በቂ ጊዜ አልተዘፈዘፈም ማለት ነው። ሆዱን ቆርጠው በ10 በመቶ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውሕድ ውስጥ ያሳድሩት፣ ወይም ብልቃጡን በሙቅ ውኃ ውስጥ አቁመው 20 ደቂቃ ያህል ያቆዩት። ብልቃጡን በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት፤ ውሕዱ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፣ ጓንትና የዓይን መከላከያ መነፅር ግድ ነው። በተቃራኒው ሁሉም ነገር መስታወት መስሎ ከቀረ ብዙ ቆይቷል፤ በሚቀጥለው ሰዓቱን ይቀንሱ። ክንዶቹ ተጣጥፈው ከታዩም ፍርድ አይስጡ። በውኃ ካጠቡ በኋላ በሁለት ቀጫጭን መርፌዎች ገልጠው ጠፍጣፋ አድርገው ያስተኟቸው፤ የሚያነጻጽሩትንም ናሙና ሁሉ በአንድ አቅጣጫ ያስተኙ። አንድ ክንድ በጎን ሲታይና በፊት ሲታይ ሁለት የተለያየ ዝርያ ይመስላል።

ምልክት፦ ትሉ ግንባሩ ላይ የተገለበጠ ባላ አለው

ይህ ብቻውን አይበቃም፣ በብዙ ትሎች ግንባር ላይ ተመሳሳይ መስመር አለና። ከኋላ ሁለተኛ በሆነው ክፍል ላይ አራት ጥቋቁር ነጥቦች አራት ማዕዘን ሠርተው ከተቀመጡ የአሜሪካው ተምች ነው። ትሉ ገና ትንሽ ከሆነ ምልክቱ አይወጣም፤ ቅጠል እየሰጡ ጥቂት ቀን ያሳድጉት።

ምልክት፦ ትሉ ከአገዳው ውስጥ ወጣ

ይህ የአገዳ ቆርቁር ሊሆን ይችላል፤ እዚያም ሁለት መሰሎች አሉ። በሆዱ በኩል ያሉትን ሐሰተኛ እግሮች መዳፍ በመነፅር ይዩ። ጥቃቅን መንጠቆዎቹ ሙሉ ክብ ከሠሩ ሞቃታማ ቆላ የሚወደው ቺሎ ነው፤ ግማሽ ጨረቃ ከሠሩ ደግሞ ደጋውን የለመደው ቡሴኦላ መሆኑን ገምቱ።

ናሙና የምትልኩ ከሆነ ትሉን በ70 በመቶ አልኮል፣ የእሳት እራቱን ግን በደረቅ ወረቀት ጠቅልላችሁ ላኩ። የተቆረጠው ሆድና የተቀረው አካል አንድ ዓይነት ቁጥር ይኑራቸው። ቀበሌውን፣ ቀኑንና የማማለያውን ዓይነት በእርሳስ ጻፉ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ይሟሟል።